ባዮዬ «ቦሌ» ይላል፣ ቤቴ ግን ኮዬ ነው

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? የእኔ ጉዳይ እዚህ ዓምድ ላይ ከሚወጡት የትዳርና የውርስ ችግሮች አጠገብ ሲቀመጥ ትንሽ ነው። ቢሆንም እንቅልፍ ነስቶኛል።

ዕድሜዬ 29 ነው፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ልጄን ስወልድ ከመሥሪያ ቤት ወጣሁና ሳልመለስ ቀረሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ለመጋረጃ የተጠየቅነው ዋጋ ከአቅማችን በላይ ስለነበር፣ ከመርካቶ ጨርቅ ገዝቼ በእናቴ ሲንጀር ራሴ ሰፋሁት። የፊት ለፊት ጎረቤቴ አይታ «ለእኔም» አለች፤ የእሷን ያየች ሌላዋ መጣች፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሥራ ሆነ።

ታናሽ ወንድሜ «በዚህ ዘመን ኦንላይን የሌለ ሰው እንደሌለ ይቆጠራል» ብሎ ቲክቶክ፣ ኢንስታግራምና ቴሌግራም ከፈተልኝ። ባዮውንም፣ ከስሜ ሥር ስለ እኔ የሚነበበውን አጭር ጽሑፍ፣ እሱ ጻፈው፣ በእንግሊዝኛ። በአማርኛ «መሥራችና ሲኢኦ (ዋና ሥራ አስፈጻሚ)፣ የኢንተሪየር ዲዛይን ባለሙያ፣ ህልሟን የምትኖር፣ ፈጣሪ ይቅደም፣ ቦሌ፣ አዲስ አበባ» እንደ ማለት ነው። ከሥሩ የስልክ ቁጥሬ አለ። «ቦሌን ምን አመጣው?» ስለው «ኮዬ ካልሽ ማን ያይሻል? ደግሞ ቦሌ ሰፊ ነው፤ ቦሌ አራብሳም ቦሌ ነው» አለኝ። ሳቅሁና ተውኩት።

ባለፈው ወር አንዲት ሴት ደወለች። የሳሎንና የሁለት መኝታ ቤት መጋረጃ ፈልጋ ነው። «ሱቃችሁ ቦሌ የቱ ጋ ነው?» ስትለኝ ደነገጥኩና «እድሳት ላይ ነን» አልኳት። «እኔማ ኮዬ ነው የገባሁት፤ ለመጋረጃ ብዬ ቦሌ ድረስ አልመላለስም፤ እዚሁ ሰው እፈልጋለሁ» ብላ ዘጋችው። «እኔም እኮ ኮዬ ነኝ» ለማለት አፌ ተያዘ።

በዚያ ላይ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ቪዲዮዬ ሥር «ቦሌ መቼ ገባሽ?» ብላ የሳቅ ኢሞጂ ደረደረችበት። እናቴ ደግሞ «ዲግሪሽን ለምን አትጽፊበትም? ሰው ያልተማርሽ ይመስለዋል» ትለኛለች። ማታ ማታ የማላውቃቸው ወንዶች ይደውላሉ፤ የባለቤቴ ፊት መጥቆር ጀምሯል። ሌሊት ባዮውን አጥፍቼ ሌላ እጽፋለሁ፤ ሲነጋ መልሼ የወንድሜን አደርገዋለሁ። እኔ ማን ነኝ ብዬ ልጻፍ?

መጋረጃ ሰፊዋ፣ ከኮዬ ፈጬ

*

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ የሴትዮዋ ስልክ ላይ ስደርስ «ወይኔ!» ብያለሁ። እዚያው ሰፈርሽ ያለች ደንበኛ «ሩቅ ናችሁ» ብላ ስትዘጋብሽ፣ አንቺ ስልኩን እንደያዝሽ ደርቀሽ ስትቀሪ ታየኝ። ሳቄም መጣ፣ አዘንኩልሽም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የባዮን ነገር ግን መልአኩ ለታናናሽ ወንድሞች የተወላቸው ይመስለኛል። ወንድምሽን አልወቅሰውም፤ በዙሪያው ያየውን ነው የጻፈልሽ። ባለ አንድ ወንበር ፀጉር ቤትም ሲኢኦ አለው፣ ገና ያልተከፈተ ካፌም ሲኢኦ አለው። እኔ ራሴስ ብትዪ፣ አንድ ቀን ከፍቶኝ ፌስቡኬ ላይ «ሁሉም ያልፋል» ብዬ ጻፍኩና ረሳሁት። ከዓመታት በኋላ አንድ የድሮ ባልደረባዬ አይታው «ምን ደረሰብሽ?» እያለች ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ያን ጊዜ ከጎረቤት ጋር ቡና እየጠጣሁ ነበር። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ማናችንም ፃድቅ አይደለንም።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። «ሲኢኦ» የሚለውን ሳቅ ብለሽ አለፍሽው። «ኮዬ» ማለት ግን አፍሽን ያዘው። ያን ጊዜ የፈራሽው ምንድን ነው? ውሸቱ እንዳይታወቅብሽ ነው ወይስ ሰፈሩን መጥራት ራሱ ከበደሽ? ለእኔ መመለስ የለብሽም፤ ለራስሽ ግን መልሺው፤ መድኃኒታቸው ይለያያልና። ውሸቱ ከሆነ ዛሬ ማታ ባዮውን ስታስተካክዪ አብሮ ያልቃል። ሰፈሩ ከሆነ ግን ትንሽ እንነጋገር።

መሀል ከተማ ላለ ሰው «ኮዬ» ስትዪው «ውይ፣ እዚያ ድረስ!» ይልሻል። ክፉ አስቦ አይደለም፣ ግን ደጋግመሽ ስትሰሚው የተጣልሽ ያህል ይሰማሻል። የታክሲው ሰልፍ አለ፣ የሚጠፋው ውኃ አለ፣ ዘመድ ለመጠየቅ ሲመጣ እንደ ክፍለ ሀገር ጉዞ ስንቅ የሚቋጥርበት ጊዜ አለ። ወንድምሽ «ኮዬ ካልሽ ማን ያይሻል?» ያለው ይህን ሁሉ ስለሚያውቅ ነው። አንቺንም ዝም ያሰኘሽ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። በቅርቡ በቱሉ ዲምቱ በኩል ሳልፍ ታክሲው መንገድ ተዘግቶበት ቆመና ሕንፃዎቹን ቀና ብዬ አየኋቸው። ሰው የገባበትና ያልገባበት ቤት የሚለየው በመስኮቱ ነው። አንዱ አንሶላ ሰቅሏል፣ አንዱ ጋዜጣ ለጥፏል፣ አንዷ ነጠላዋን በምስማር ወጥራለች። ከፎቅ እስከ ፎቅ፣ ከብሎክ እስከ ብሎክ። ለመጋረጃ ሰፊ ከዚህ የተሻለ ገበያ የት ይገኛል? ቦሌ መስኮቱን ከሸፈነ ቆይቷል፤ አሁን ጨርቅ የሚፈልገው ዳሩ ነው። ወንድምሽ ከባዮሽ ያስቀረው ቃል ገበያሽ ነው። ሴትዮዋም ይህንኑ ነው በራሷ አፍ የነገረችሽ፤ «እዚሁ ሰው እፈልጋለሁ» አለችሽ እኮ።

ስለዚህ «እኔ ማን ነኝ?» የሚለውን ከባድ ጥያቄ ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊው። ባዮ እሱን አይችለውም። ባዮ ታፔላ ነው። የድሮ ባለ ሱቅ «ዱቤ የለም» ብሎ ሲለጥፍ ማንነቱን እየተናገረ አልነበረም፤ በአምስት ፊደል ብዙ ጭቅጭቅ አስቀረ እንጂ። ያንቺም ታፔላ የሚነበበው በማያውቅሽ ሰው ነው። ጓደኛሽ፣ እናትሽ፣ የድሮ አለቃሽ ያውቁሻል፤ ለእነሱ ታፔላ አያስፈልግም። የማታውቅሽ ሴት ግን አንድ ቪዲዮሽን አየች፣ መጋረጃውን ወደደችው፣ ስምሽን ነካች። አሁን ሦስት ነገር ማወቅ ትፈልጋለች፤ ምን ትሠሪያለሽ? ለእኔ ትደርሺልኛለሽ? እንዴት ላግኝሽ? «ህልሟን የምትኖር» ከሦስቱ አንዱንም አይመልስላትም።

ቦታውም ጠባብ ነው። ቴሌግራም ለግል አካውንት በነፃ የሚሰጥሽ 70 ፊደል ብቻ ነው፤ ኢንስታግራም 150። ክፍት ቦታውና ነጥቡም አብሮ ይቆጠራል። እዚህ ላይ ግን አማርኛ ውለታ ይውልልናል። «መጋረጃ» በእኛ ፊደል አራት ነው፤ ይኸው ቃል በላቲን ሲጻፍ ስምንት ይሆናል። ወንድምሽ በእንግሊዝኛ የጨረሰው ቦታ በአማርኛ ቢሆን ይበልጥ ያናግርሽ ነበር። ደንበኛሽም የምታወራው በአማርኛ ነው።

እኔ በደብዳቤሽ ላይ ተመሥርቼ ይህን ሞከርኩ፤ «መጋረጃ በልክ እሰፋለሁ። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦ ቤትዎ መጥቼ እለካለሁ።» ቆጠርኩት፤ 50 ፊደል ነው። ጠባቡ ቴሌግራም ውስጥ እንኳ ይገባል፤ ሃያ ይተርፍሻል። እርግጥ ቂሊንጦ ድረስ የማትሄጂ ከሆነ ወይም ልጅሽን የሚይዝልሽ ሰው ከሌለና ቤት ለቤት መለካት ካልቻልሽ፣ የምትችዪውን ብቻ ጻፊ። የማትፈጽሚው ቃል «ቦሌ»ን በሌላ ስም መመለስ ነው። ግን «ቤትዎ መጥቼ እለካለሁ» እውነት ከሆነ አትጣዪው። አዲስ ቤት የገባ ሰው ሜትር ይዞ መስኮት ላይ መንጠልጠል አይወድም፤ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ስቶ ጨርቅ ያበላሸም ያውቀዋል።

«የኢንተሪየር ዲዛይን ባለሙያ» የሚለውን አንሺው። መጋረጃ መስፋት ስለሚያንስ እንዳይመስልሽ። ቃሉ የማትሠሪውን ሥራ ይጠራብሻል፤ ነገ አንዱ ስለ ጂፕሰምና ስለ ኪችን ካቢኔት ሊጠይቅሽ ይደውላል፣ አንቺም እንደገና «እድሳት ላይ ነን» ልትዪ ነው።

ኢንስታግራም ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ከባዮው በላይ ያለው የስም ቦታ በፍለጋ ይገኛል። እዚያ ላይ የራስሽን ስም ብቻ ካደረግሽ የሚያገኝሽ ስምሽን የሚያውቅ ብቻ ነው። ከስምሽ ቀጥሎ «መጋረጃ» የሚል ቃል ጨምሪበት፣ ኮዬንም አክዪው። ስትቀይሪ ግን ረጋ ብለሽ አስቢበት፤ በ14 ቀን ውስጥ መቀየር የሚቻለው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሌሊት አጥፍቶ ጠዋት መመለስ እዚያ አይሠራም፤ እንዲያውም ይጠቅምሽ ይሆናል።

ዩዘርኔሙ፣ በ@ የሚጀምረው የአካውንትሽ መለያ፣ ግን የግድ በላቲን ነው፣ እዚያ ላይ አማርኛችን ይጎዳል። «ጃ»ን አንዱ «ja» ብሎ ይጽፋታል፣ ሌላው «jja»። ስለዚህ አጭር አድርጊው፣ ቁጥርና ሰረዝ አታብዢበት፣ በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ስልክ ላይ ለእናትሽ ንገሪያትና ሳትደግሚላት መጻፍ ከቻለች ጥሩ ነው። ኦሮምኛ የሚናገሩ ጎረቤቶችና ደንበኞች እንደሚኖሩሽም አልጠራጠርም። ኢንስታግራም ላይ በሚተርፍሽ ቦታ አንድ መስመር በኦሮምኛ ብታክዪ ያምርብሻል፤ ራስሽ የማትችዪ ከሆነ ጎረቤትሽን አስጽፊ እንጂ በማሽን አታስተርጉሚው።

አሁን ወደ ስልኩ። ይህን ዛሬውኑ አድርጊው፣ ሌላው ነገ ይደርሳል። ቁጥርሽን ከሦስቱም ባዮ ላይ አንሺ። በምትኩ የቴሌግራም ዩዘርኔምሽን ሊንክ አስቀምጪ። ከዚያ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ግቢና ፕራይቬሲ የሚለው ሥር ስልክ ቁጥርሽን ማንም እንዳያይ አድርጊ፤ ጥሪም ከምታውቂያቸው ሰዎች በቀር እንዳይገባ መዝጋት ይቻላል። ደንበኛ መጀመሪያ ይጽፍልሻል፤ የመስኮቱን ፎቶ ይልካል፤ አንቺም ዓይተሽ ቁጥርሽን ለምትፈልጊው ትሰጪያለሽ። መጋረጃ የሚፈልግ ሰው የመስኮቱን ፎቶ ለመላክ አይሰንፍም፤ ሌሊት ድምፅ ሊሰማ የሚደውለው ግን መስኮት የለውም። የብሎክና የቤት ቁጥርሽንም ባዮ ላይ እንዳትጽፊ፤ ሰፈሩ ይበቃል። ለማታውቂው ሰው ቤት ልትለኪ ስትሄጂ ወንድምሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ሜትሩን ይያዝልሽ። ቀብድ የምትቀበዪበትን ቴሌብር ወይም የባንክ ሒሳብም ትዕዛዙ ሲቆረጥ ለሰውዬው በግል ላኪለት እንጂ አደባባይ አታውጪው። ይህን ሁሉ ስታደርጊ ባለቤትሽን አብሮሽ እንዲቀመጥ ጋብዢው። ፊቱን ያጠቆረው በሥራሽ ይሁን በደዋዮቹ፣ ያን ጊዜ ትለዪዋለሽ።

የእናትሽ ነገር ከብዶኛል። ዲግሪውን ከባዮው ላይ ተዪው ብዬ በቀላሉ ብጽፍልሽ እችል ነበር፤ መጋረጃ የምትፈልግ ሴት የአካውንቲንግ ውጤትሽን አትጠይቅምና። ግን እናትሽ የምታወራው ስለ ደንበኛ አይደለም። ልጇን ለማስተማር ስንት ዓመት ያንን ሲንጀር ረግጣ ይሆናል፣ አሁን ልጅቷ በተራዋ እዚያው ሲንጀር ላይ ተቀምጣ ታያታለች። አንድ ቀን ስለዚህ ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? ባዮው ላይ አንድ መስመር መጨመር ይህን የሚሽር አይመስለኝም። ይልቅ ደብተርሽን አሳያት። የጨርቅ ሜትሩን፣ ቀብዱን፣ ቀሪውን፣ ትርፉን የያዝሽበትን። ደንበኛ ዋጋ ስትጠይቅሽ በጽሑፍ ከፋፍለሽ ስትልኪላት እናትሽ አጠገብሽ ትሁን። ተቀጥሮ መሥራት እንደገና ካማረሽ ደግሞ ዲግሪው ሊንክድኢን በሚባለው የሥራ መገናኛ ገጽ ላይ ቦታ አለው፤ እዚያ ከስምሽ ሥር ብቻ 220 ፊደል ይሰጡሻል።

«ፈጣሪ ይቅደም» የሚለውን የጻፈው ወንድምሽ ነው ወይስ ያንቺ ቃል ነው? የራስሽ ከሆነና ሲነበብ ደስ የሚልሽ ከሆነ መጨረሻ ላይ ይቀመጥ፣ ማንንም አይጎዳም። ለማሟያ የገባ ከሆነ ቦታውን ለሥራሽ ስጪው፤ ፈጣሪ አይቀየምሽም።

ለጓደኛሽ ረጅም ማብራሪያ አትጻፊ። ባዮውን ካስተካከልሽ በኋላ «ኮዬ ነኝ፣ ነይ ቡና እናፍላ» ብትያት ይበቃል። ቀልዳ ከሆነ ትስቃለች፤ ተንኮል ከሆነም ሌላ የምትለው አታገኝም።

ወንድምሽን ግን ከነገሩ እንዳታስወጪው። ልጁ ለፍቶልሻል፣ ሦስት አካውንት ከፍቶ ማቆም ቀላል አይደለም። ከባዮ ጸሐፊነት ወደ ካሜራ አዛውሪው። በፕሮፋይሉ ላይ ያስቀመጠው ፎቶ ከኢንተርኔት የወረደ ሳሎን ከሆነ፣ እንደዚያ እንደሆነም እጠረጥራለሁ፣ አንቺ የሰፋሽው መጋረጃ ይተካው። መስኮቱ ባዶ እያለና መጋረጃው ከተሰቀለ በኋላ፣ ከአንድ ቦታ ቆሞ ያንሳ፤ የቤቱን ባለቤት ግን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ የሰው ሳሎን ነው።

ዛሬ ማታ ልጅሽ ሲተኛ ስልኩን አስቀምጪና ወረቀት ያዢ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ደንበኞችሽ መጋረጃውን ሲያዩ ያሉሽን፣ እንዳሉት አድርገሽ ጻፊ። ከእኔ 50 ፊደል የሚሻል ቃል እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ካገኘሽው የእኔን ጣዪው። ከዚያ ቲክቶክ ለማታውቅ ጎረቤት አንብቢላትና «ምን እሠራለሁ ነው ያልኩት?» ብለሽ ጠይቂያት። ከመለሰችልሽ ለጥፊው፤ ለጥፈሽም ሁለት ሳምንት አትንኪው። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የሚጽፍልሽን ሁሉ «ከየት አገኙኝ? ያሉትስ የት ነው?» እያልሽ ደብተርሽ ላይ መዝግቢ። አካውንታንት ነሽና ቀሪውን ቁጥሩ ይነግርሻል።

ያቺ ሴትዮስ? ባለፈው ወር ነው የደወለችው ካልሽ፣ ቁጥሯ ከስልክሽ አልጠፋ ይሆናል። መደወሉ ከከበደሽ ጻፊላት። «ባለፈው ስለ መጋረጃ ደውለውልኝ ነበር። ቦሌ ሱቅ የለኝም፤ የምሠራው ቤቴ ነው፣ እኔም ኮዬ ነኝ። እስካሁን ካላሰፉ መጥቼ ልለካልዎት እችላለሁ።» ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግሽም። አሰፍታ ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ወር አዲስ ቤት ለገባ ሰው ብዙ አይደለም፤ ምናልባት እስካሁን ነጠላዋ መስኮቱ ላይ ነው።